የድሮ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የዳሽቦርድ መብራት፦ ኖርማል አምፖል ልተካ ወይስ ኤልኢዲ?

ቀይ ሚያታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1991 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነች፤ ባለ 1.6 ሊትሯ፣ የፊት መብራቷ ከኮፈኑ ውስጥ ብድግ የሚለው። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ማርሿም ምንም አይልም። ችግሩ ማታ ማታ ነው። የፍጥነት መለኪያው ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ ጨለማ ነው። የሞተር ዙር መለኪያው በርቷል ለማለት ያህል ነው የበራው። የሙቀትና የንፋስ ማስተካከያው ያለበት የመሃል ፓነል ደግሞ ጭራሹን ጠፍቷል፤ ንፋሱ ወደ እግር ይሂድ ወደ መስታወት በዳበሳ ነው የማውቀው።

ይህቺን መኪና የያዝኳት ጣሪያዋን ከፍቼ ማታ ማታ ለመንዳት ነው። አሁን ግን ስንት እየሄድኩ እንደሆነ ለማወቅ ዓይኔን ከመንገዱ ላይ አንስቼ ጨለማ ውስጥ ቁጥር መፈለግ ሆኗል ሥራዬ። ደስ አይልም፣ አደጋም አለው።

እስካሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። የኋላ መብራቶቹ ሁሉም ይሰራሉ። ሬዲዮው ይበራል። የዳሽቦርዱን ብርሃን የሚጨምረውና የሚቀንሰው ማዞሪያ ሲዞር አንዳንዴ ሁሉም ነገር ብልጭ ብሎ ይደምቅና ተመልሶ ይደበዝዛል። ምንም ነገር አልፈታሁም። ዕድሜው ከ30 ዓመት ያለፈ ፕላስቲክ ነው፣ እሰብረዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ጥያቄዬ፦ አምፖሎቹን ብቻ ብቀይር ይበቃል ወይ? ከተነካ አይቀር ሁሉንም ኤልኢዲ ላድርገው ወይስ የድሮውን ዓይነት ልመልስ? የመሃሉን ፓነልስ ከየት ጀምሬ ነው የምፈታው?


ቴስተር በእጁ፦

ወንድሜ፣ አምፖል ከመግዛትህ በፊት ትንሽ ቆም በል። የጻፍከው ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል። የኋላ መብራት ይሰራል ካልክ ፊውዝ ስትፈልግ አትዋል፤ በአብዛኞቹ የዚያ ዘመን መኪኖች የዳሽቦርድ መብራት የሚነሳው ከኋላ መብራት ጋር ከአንድ መስመር ነው። ፊውዙ ቢሄድ ሁለቱም አብረው ይጠፉ ነበር። ስለዚህ የሚቀሩት ሦስት ናቸው፦ አምፖሉ፣ አምፖሉ የሚቀመጥበት ሶኬት፣ እና ያ ማዞሪያ። ባንተ መኪና ላይ ሦስቱም ትንሽ ትንሽ ያጠፉ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው አምፖል ወይ ይበራል ወይ ይቃጠላል፣ ሌላ ነገር የለውም ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ውስጡ ያለው ቀጭን የተንግስተን ሽቦ በበራ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ይተናል፣ የተነነው ደግሞ ሄዶ ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል። አምፖሉን አውጥተህ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው። ብርጭቆው ከውስጥ ጥላሸት የነካው ከመሰለ፣ ቢበራም እንኳ ጊዜውን ጨርሷል። ለዚህ ነው ዳሽቦርድ ከተፈታ አንዱን ብቻ ቀይሮ መግጠም የማይመከረው። አንዱ ሲደምቅ የቀሩት የባሰ ደብዝዘው ይታያሉ፤ ከዚያም በየተራ ሲቃጠሉ ያንኑ ፕላስቲክ ደግመህ ደጋግመህ መፍታት ይመጣል።

ግን አምፖል ብቻ አይደለም። የእነዚህ አምፖሎች ብርሃን ለቮልቴጅ በጣም ስስ ነው። 12 ቮልት ማግኘት የነበረበት አምፖል በቆሸሸ ኮንታክት ምክንያት 10.8 ብቻ ቢደርሰው፣ የጠፋው ኮረንቲ ትንሽ ይመስላል፣ ብርሃኑ ግን ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ዓይንህ የሚያየው ያንን ነው። አዲስ አምፖል ብታስገባበትም ያው ድብዝዝ ነው የሚልህ።

ስለዚህ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለካ። መብራቱን አብራ፣ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለካ፣ ከዚያ አምፖሉ በተቀመጠበት በሁለቱ እግሮች ላይ ለካ። ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ካየህ መንገድ ላይ የሚበላው ነገር አለ።

የመለኪያዎቹን ሳጥን ገልብጠህ ስታይ ጀርባው ላይ ቀጭን ፕላስቲክ ታገኛለህ፣ ላዩ ላይ የመዳብ መስመር የታተመበት። አምፖል ያዡ ትንሽ ፕላስቲክ ሩብ ዙር ገደማ ሲዞር ይወጣል፤ ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ የብረት ምላሶች ናቸው ከመዳቡ ጋር የሚነካኩት። መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ብሎ ከሆነ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለህ አሸው፣ ፍርፋሪውን አራግፈህ በንጹህ አልኮል ጥረገው። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው፣ መስመሩ በጣም ስስ ነው፣ ተልጦ ይነሳል። ምላሶቹን ደግሞ በጥፍርህ ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርጋቸው፤ ጠበቅ ብለው ይነካሉ።


ጣሪያ ክፍት፦

እኔም ያቺው መኪና አለችኝ፣ አፈታቱን እኔ ልንገርህ።

ባትሪዋ ከኮፈን ስር እንዳልሆነ ታውቃለህ፣ ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ በቀኝ በኩል ነው። ኔጌቲቩን ንቀል። መሪዋ ላይ ኤርባግ ካለ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታግሰህ ጀምር፣ የኤርባግ ሽቦዎቹንም በቴስተር እንዳትነካ። ሌላው፣ በብርድ አትፍታት። ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ነው የሚሰበረው። ፀሐይ ላይ አቁመህ ውስጧ ሞቅ ሲል ጀምር፤ ያኔ ክሊፖቹ እጅ ይሰጣሉ።

የመሃሉ ፓነል ትዕግስት ይፈልጋል። በመጀመሪያ የማርሽ ዘንጉን እጀታ አዙረህ አውጣ፣ ከዚያ የመቀመጫዎቹን መሃል ኮንሶል ፍታ። ቀጥሎ ከሬዲዮው በላይ ያሉትን ሁለት ክብ የንፋስ መውጫዎች ታወጣለህ። ሰው የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ካቻቢቴ ውሰድና በጨርቅ ወይም በፕላስተር ጠቅልለው፣ በክቡ ጠርዝ አስገብተህ ክሊፑን እየተጫንክ በጣትህ ወደ ራስህ ሳበው። በአንድ ጎን ብቻ አትታገል፤ ከዚህም ከዚያም ትንሽ ትንሽ እያልክ አውጣው። ሲወጣ ከኋላው ብሎን ታያለህ። በሁለቱም ቀዳዳዎች አለ። ከታች በኩል ደግሞ ኮንሶሉ ሸፍኗቸው የነበሩ ብሎኖች አሉ። እነሱ ከተፈቱ ሙሉው ፊት ወደ አንተ ይመጣል፣ ግን እንዳትመነጭቀው፤ የአደጋ ጊዜ መብራቱና የፊት መብራት ማንሻው ቁልፎች በሽቦ ተያይዘው ነው ያሉት፣ ሶኬታቸውን ነቅለህ ነው የምትለየው።

ከዚያ የሙቀት ማስተካከያው ሳጥን ፊት ለፊትህ ነው። ብሎኖቹን ፈትተህ ወደ ፊት ሳብ ታደርገዋለህ፣ አምፖሉን በጀርባው ታገኘዋለህ። ሳጥኑ ከማሞቂያው ጋር በኬብሎች ታስሯል። ኬብሎቹን ሳትነቅል እጅህ አምፖሉ ጋ ከደረሰ ተዋቸው። የግድ መንቀል ካለብህ የሽፋናቸው ጫፍ ክሊፑ ስር የት ጋ እንደቆመ በማርከር ምልክት አድርግ፣ አለበለዚያ ስትገጥመው ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

የፊቱ መለኪያ ከዚህ ይቀላል። የመሪውን ዘንግ የያዙትን ብሎኖች አላልተህ መሪውን ትንሽ ዝቅ ካደረግከው ቦታ ታገኛለህ። ዘንጉ ላይ ወፍራም ጨርቅ አንጥፍበት፣ የመለኪያው መስታወት ፕላስቲክ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል። መሸፈኛውን፣ ቀጥሎ የሳጥኑን ብሎኖች ፈትተህ ወደ ራስህ ስትስበው የሆነ ነገር ይይዝሃል፤ የፍጥነት መለኪያው ኬብል ነው። ይቺ መኪና ፍጥነቷን የምታነበው በሚሽከረከር ኬብል ነው፣ በሽቦ አይደለም። እጅህን ከኋላ አስገብተህ የፕላስቲክ ምላሱን ስትጫን ይለቃል። ስትመልሰው ቀጭ የሚል ድምፅ ካልሰማህ አልገባም ማለት ነው፤ መርፌው ወይ ይንቀጠቀጣል ወይ ጨርሶ አይነሳም።

ዋቱን ደግሞ ከወጣው አምፖል ግርጌ አንብብ፣ ያንኑ ግዛ። ቲ10 የሚባለው ባለ ጠፍጣፋ እግር አምፖል በተለያየ ዋት ይመረታል፣ መልኩ አንድ ነው። 3.4 ዋት በነበረበት ቦታ ባለ 5 ዋቱም ይገባል፣ ያበራልም፣ ሙቀቱ ግን ዙሪያውን ያለውን ፕላስቲክ ያደርቀዋል፣ ያቀልጠዋልም።


ነጭ ብርሃን፦

ሁለቱም ጥሩ ተናግረዋል፣ ግን በዚህ ዘመን ይህን ሁሉ ለፍቶ የድሮ አምፖል መልሶ መግጠም አይገባኝም። ኤልኢዲ አይሞቅም፣ ኮረንቲ አይበላም፣ ንዝረት አይጎዳውም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ያንን የመሃል ፓነል ሁለተኛ መፍታት የማይፈልግ ሰው ኤልኢዲ ያስገባ። እኔ ሙሉ ዳሽቦርዱን ቀይሬ እየነዳሁ ነው፣ ጥርት ብሎ ይታየኛል።

ሁለት ነገር ልብ በል። ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል። አስገብተኸው ካልበራ ተበላሽቷል ብለህ አትጣለው፣ አውጥተህ ገልብጠህ መልሰው። ስለዚህ ዳሽቦርዱን ከመዝጋትህ በፊት ባትሪውን መልሰህ ሁሉም መብራታቸውን አረጋግጥ። ሁለተኛ፣ ወደ ፊት ብቻ የሚያበራውን ዓይነት አትግዛ። ኖርማል አምፖል በሁሉም አቅጣጫ ነው የሚያበራው፣ የመለኪያው ሳጥንም በዚያ ታስቦ ነው የተሠራው፤ ብርሃኑ ከነጩ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ነው ቁጥሮቹ ጋ የሚደርሰው። ፊት ብቻ የሚያበራ ኤልኢዲ ካስገባህ አንድ ቦታ ላይ ዓይን የሚወጋ ነጥብ፣ ጎኑ ላይ ጨለማ ይሆናል። በጎንና በጎኑም መብራት ያለውን ምረጥ።


የ944 ባለቤት፦

ኤልኢዲ መጥፎ ነው አልልም፣ ግን ሁሉም ቦታ ይግባ በሚለው አልስማማም። እኔ የምይዘው ፖርሼ 944 ነው፣ እሱም የሰማንያዎቹ ነው፣ ችግሩ አንድ ነው።

መጀመሪያ አደገኛውን ልናገር። የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ ማስጠንቀቂያ አምፖል በብዙ የድሮ መኪኖች ላይ ለማሳየት ብቻ አይደለችም የተቀመጠችው። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ማመንጨት እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው ኮረንቲ በእሷ ውስጥ ነው የሚያልፈው። በ944 ላይ እንደዚያ ነው። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው ኮረንቲ በጣም ትንሽ ስለሆነ እዚያ ቦታ ከገባ ዲናሞው ሳይነሳ ይቀራል፣ ወይም ሞተሩን ከፍ አድርገህ እስክትረግጥ ድረስ አይሞላም። ሰው አምፖል ቀይሮ ባትሪ ሲያልቅበት ሁለቱን አያገናኛቸውም፣ ዲናሞ ይገዛል። የመኪናህን የሽቦ ንድፍ አይተህ እርግጠኛ ካልሆንክ እዚያች ቦታ ላይ የወጣውን ዓይነት አምፖል መልስ።

ሁለተኛው ያ ማዞሪያ ነው። አሠራሩ ለኖርማል አምፖል ነው፣ ቮልቴጁን እየቀነሰ ያደበዝዛል። ብዙዎቹ የ12 ቮልት ኤልኢዲዎች ውስጣቸው ሦስት ሦስት ሆነው የተቀጣጠሉ ስለሆኑ ከ9 ቮልት አካባቢ በታች ሲወርዱ ድርግም ይላሉ። ቀስ ብሎ መደብዘዝ የለም። ማታ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ደግሞ መቀነስ መቻሉን ይፈልገዋል። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ከፊትህ ያለ ሰማያዊ የሚያደላ ደማቅ ነጭ ብርሃን ያንን ያበላሽብሃል። ጥርት ብሎ የሚታየው ዳሽቦርዱ ነው፣ ከመንገዱ ዳር ያለው እግረኛ ግን የባሰ ይጠፋል። ጣሪያ ከፍተህ ስትነዳ ደግሞ ብርሃኑ ከፊት መስታወቱ ላይ ተመልሶ ይታይሃል።

ቀለሙንም አስብበት። አምፖሉ ላይ የተጠለቀ ወይም ከቁጥሮቹ ጀርባ የተለጠፈ ባለ ቀለም ማጣሪያ ካለ፣ ለቢጫማው የአምፖል ብርሃን ተለክቶ ነው የተሠራው። ነጭ ኤልኢዲ ከአረንጓዴ ማጣሪያ ጀርባ ስታደርግ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። ቀይ ኤልኢዲ ካደረግክ ደግሞ ማጣሪያው ይውጠዋል፣ ምንም አይታይም። ኤልኢዲ የግድ ካልክ ሞቅ ያለ ነጭ የሚባለውን ውሰድ፣ ወይም የማጣሪያውን ቀለም ራሱን።

የአምፖል ዕድሜ ያሳስበኛል ካልክ ሌላ መንገድ አለ። ቮልቴጁ በ5 በመቶ ብቻ ዝቅ ቢል የአምፖሉ ዕድሜ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ብርሃኑ የሚቀንሰው ግን 16 በመቶ ያህል ነው። ማዞሪያውን ከመጨረሻው ትንሽ መልስ አድርገህ መንዳት በቂ ነው።


ነጭ ብርሃን፦

የዲናሞውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ ልክ ነህ። በእኔ መኪና ላይ የማስጠንቀቂያዎቹን አልነካኋቸውም፣ የቀየርኩት የቁጥሮቹን ማብሪያ ነው። ደማቅ ይሆናል በሚለው ግን አሁንም አልስማማም፤ ደካማውን ኤልኢዲ መግዛት ይቻላል።


ሽቦ አንባቢ፦

ሌላ መኪና ያለው ሰው ይህን ካነበበ አንድ ልጨምር። በዚያ ዘመን ዲጂታል የአየር ማስተካከያ በነበራቸው አንዳንድ መኪኖች ላይ የፓነሉ አምፖሎች እንደዚህ በማዞር የሚወጡ አይደሉም። የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ፣ ሁለት ቀጭን ሽቦ ያላቸው፣ ቦርዱ ላይ በሊድ የተበየዱ ናቸው። ላያቸው ላይ ባለ ቀለም የጎማ ቆብ ካለ አትጣለው፣ ቀለሙ የሚመጣው ከሱ ነው።

እነዚያን በኤልኢዲ የሚተካ ሰው ሬዚስተር (ኮረንቲውን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) መጨመር አለበት። ሞተር ሲሠራ ቮልቴጁ 14.4 አካባቢ ይደርሳል እንበል፣ ነጩ ኤልኢዲ ወደ 3 ቮልት ይወስዳል፣ 11.4 ይቀራል። 820 ኦም ብታደርግበት 14 ሚሊ አምፔር ገደማ ያልፋል፣ ሩብ ዋት ሬዚስተር ይችለዋል። ለፓነል ይሄም ይበዛል፣ 1 ኪሎ ኦም ብታደርግ ዓይን አይጎዳም። በ12 ቮልት አትለኩት፣ ባትሪ ብቻውን ሲሆን የሚሠራ ነገር ሞተር ሲነሳ ይቃጠላል።


ቀይ ሚያታ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ፀሐይ ላይ አቁሜ ፈታኋት፣ አንድም ክሊፕ አልተሰበረም። የፍጥነት መለኪያው ጨለማ ጎን ላይ የነበረው አምፖል ተቃጥሏል። የመሃሉም እንደዚያው። የዙር መለኪያው ደግሞ አምፖሉ ደህና ነበር፣ ብርጭቆው ብቻ ጠቁሯል፣ ሶኬቱ ስር ያለው መዳብ ግን አረንጓዴ ሆኗል። በላጲስ አጸዳሁት። ሁሉንም በያዙት ዋት ኖርማል አምፖል ቀየርኩ፣ ኤልኢዲውን ለጊዜው ተውኩት፤ ማዞሪያው ቀስ እያለ ማደብዘዙን እወደዋለሁ።

አሁን ሁሉም ይበራል፣ ግማሽ ጨለማ የሚባል የለም። ግን ባጠቃላይ አሁንም ደከም ይላል፣ ማዞሪያውን ነካ ሳደርገው ያው ብልጭታ አለ። ሳጥኑን ገና አልዘጋሁትም፣ ሽቦው ሁሉ እጄ ላይ ነው። ምን ልለካ?


ቴስተር በእጁ፦

ጥሩ ነው፣ እንዳትዘጋው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ማዞሪያው የሚቀመጠው በፖዘቲቩ መንገድ ላይ ሳይሆን ከአምፖሉ በኋላ፣ ወደ ማሳ (ኮረንቲው ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት የመኪናው ብረት አካል) በሚሄደው በኩል ነው። ስለዚህ መብራቱን አብርተህ፣ ማዞሪያውን እስከ ጥግ ከፍተህ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የመኪናው አካል ላይ ባለ ንጹህ ብረት ላይ አድርግ፣ ሌላውን በአምፖሉ አንደኛው እግር፣ ቀጥሎ በሌላው። አንደኛው ወደ 12 ይጠጋል። ሌላው ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ያኛው እግር አንድ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ኮረንቲውን የሚበላው ወይ ማዞሪያው ነው ወይ የማሳው መያዣ ብሎን። የማዞሪያውን ሁለት ሽቦዎች ለጊዜው በአጭር ሽቦ አገናኛቸው። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ከወረደና ዳሽቦርዱ ከደመቀ ማዞሪያው ነው፤ ካልወረደ ብሎኑን ፈትተህ ስሩን እስኪያብረቀርቅ ፈግፍገው።

ማዞሪያው ከሆነ ወዲያው አትቀይረው። ውስጡ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፣ እሱ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ብረት አለች። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለምትቆም የቀረው ይዝጋል። ባትሪውን ነቅለህ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ነፋ አድርግበት፣ ከጥግ እስከ ጥግ ደጋግመህ አዙረው፣ እስኪደርቅ ጠብቅና ለካ።


ቀይ ሚያታ፦

ማዞሪያው ነው። በማሳው በኩል 1.9 ቮልት ያሳይ ነበር፣ በሽቦ ሳገናኘው ወደ ዜሮ ወረደ፣ ዳሽቦርዱም ቦግ አለ። ካጸዳሁት በኋላ 0.2 ያሳያል፣ ብልጭታው የለም፣ ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብሎ ይደምቃል ቀስ ብሎ ይደበዝዛል። የፍጥነት መለኪያውን ኬብል ቀጭ እስኪል መልሻለሁ። የባትሪዋን ማስጠንቀቂያም አየኋት፣ ቁልፍ ሲከፈት ትበራለች፣ ሞተር ሲነሳ ትጠፋለች። አሁን ልዘጋው ነው።